ምዕራፍ ሰባት፦ ነግዶ የከሰረው አገልጋይ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ ገብር ኄር በሚባለው ሰንበት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ የሚነበበው የመክሊቱ ምሳሌ ሦስት አገልጋዮችን ያሳየናል፤ አምስት መክሊት ተቀብሎ ሌላ አምስት ያተረፈውን፣ ሁለት ተቀብሎ ሌላ ሁለት ያተረፈውን፣ አንድ ተቀብሎ ግን ጌታውን በመፍራት መሬት ቆፍሮ የቀበረውን። መምህራን ይህን ሲተረጕሙ የሁለቱን ትጋት ያመሰግናሉ፣ የሦስተኛውን ስንፍና ይነቅፋሉ፣ መክሊት የተባለውም ለሰው ልጅ ከአምላኩ የተሰጠው ጸጋ መሆኑን ያስረዳሉ። ነገር ግን መርካቶ ውሎ የሚገባ፣ ንግድን በእጁ የሚያውቅ ምእመን ይህን ምሳሌ በሰማ ቍጥር በልቡ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ አራተኛ አገልጋይ ኖሮ መክሊቱን ይዞ ቢወጣ፣ በቅንነት ቢነግድ፣ ገበያው ግን ቢከፋበትና ቢከስር፣ ጌታው ተመልሶ ሒሳብ በጠየቀው ጊዜ ምን ይዞ በፊቱ ይቆም ነበር የሚል ነው። ወንጌሉ ስለዚህ ሰው አይነግረንም። ዛሬ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ቀርቦ «ያልተሳካልህን ነገር ንገረን»፣ «ሪስክ ወስደህ የወሰንኸው ውሳኔ አለ ወይ» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን፣ የሚጠየቀው በዚያ በአራተኛው አገልጋይ ቦታ ቆሞ እንዲናገር ነው፤ ይህም ምዕራፍ ስለ እርሱ የተጻፈ ነው።

ይህን የምጽፈው በልደታ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ስለ ሆነ ምሳሌዎቼንም ከዚሁ አነሣለሁ። ልደታ ስሟን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የወሰደች፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶቿ ፈርሰው በምትካቸው ባለ ብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙባት፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሁለቱ መሥመሮች የሚገናኙባት፣ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የሚያስችልባት ሰፈር ናት። ከሜክሲኮ አደባባይና ከሰንጋ ተራ የባንክ ሕንፃዎች በእግር የሚደረስባት በመሆኗም፣ ከየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣቶች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ስቱዲዮ ተከራይተው፣ አንዱን ክራባትና አንዱን ጥቁር ጫማ በተራ እየተዋሱ ለፈተና የሚወጡባት ናት። ከእነዚህ ልጆች ጋር በደረጃውም በምድር ቤቱ ካፌም ስንጨዋወት ደጋግሜ ያስተዋልሁት፣ የጽሑፍ ፈተናውን እምብዛም የማይፈሩ፣ ስለ ሙያቸው ቢጠየቁም የማያፍሩ ሆነው ሳሉ፣ ስለ ውድቀታቸው ሲጠየቁ ግን አንደበታቸው የሚታሰር መሆኑን ነው።

ይህም መታሰር የግል ፈሪነት አይደለም፤ ከአስተዳደጋችን የመጣ ነው። ፈተና የወደቀ ልጅ ያለበት ቤት ለዘመድ ሲናገር «ዘንድሮ አሞት ነበር» ይላል፤ ሱቁ የከሰረበት ሰው ለጎረቤት «ቦታው አልተመቸኝም፣ ለቀቅሁት» ይላል፤ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች እኅትም ለዕረፍት የመጣች መስላ ትሰነብታለች። የራስንም የወንድምንም ገመና መሸፈን በእኛ ዘንድ የጨዋነት ምልክት ነው፤ እኔም ይህን ልማድ አልነቅፈውም፣ ብዙ ቤተ ሰብ ሳይበተን የኖረው በዚሁ መሸፋፈን ነውና። ይሁን እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውድቀትን መሸፈን የተማረ ልጅ፣ በአንድ ማለዳ፣ ስማቸውን በማያውቃቸው ሰዎች ፊት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውድቀቱን እንዲገልጥ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚፈለግበት የነገረው ሰው ከሌለ፣ ዝም ማለቱ ወይም መዋሸቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ጥንተ ነገሩን እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር የአየር ኃይል እጅግ ብዙ አብራሪዎችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ግድ በሆነበት ወቅት፣ ጆን ፍላናጋን የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1941 ከበረራ ትምህርት የተሰናበቱ አንድ ሺህ ሠልጣኞች ለምን እንደ ወደቁ ለማወቅ መዝገባቸውን መረመረ። በመዝገቡ የተገኘው ምክንያት ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ቃል ነበር፤ አንዱ «የማብረር ተፈጥሮ የለውም»፣ ሌላው «በቂ መሻሻል አላሳየም» ተብሎ ተጽፎበት፣ በዚያች ዕለት በዚያች አውሮፕላን ውስጥ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ ግን አልተመዘገበም። ፍላናጋንና ባልንጀሮቹ ከዚህ ተነሥተው፣ ስለ ሰውየው ጠባይ መጠየቅን ትተው አንድ የተለየ ድርጊት እንዲተረክላቸው መጠየቅ ጀመሩ፤ በበረራ ላይ ሰማይና ምድር የተምታታበትን አብራሪ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ሰማ፣ ምን እንደ ተሰማው በቅደም ተከተል አስተረኩት፤ ከእነዚህም ትረካዎች በመነሣት የአብራሪው ክፍልና የመሣሪያዎቹ አሠራር እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረቡ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1954 ታትሞ ወጣ፤ በ1982 ደግሞ ቶም ጃንዝ የተባለ ተመራማሪ፣ ሥራ ፈላጊን «ምን ዓይነት ሰው ነህ» ከማለት ይልቅ «ይህን የመሰለ ነገር በገጠመህ ጊዜ ምን አደረግህ» ብሎ መጠየቅ የወደፊት ሥራውን በተሻለ እንደሚያሳይ የሚያመለክት ጥናት አወጣ። ዛሬ በሰንጋ ተራ የሚቀርበው ጥያቄ የዚህ የዘር ሐረግ ልጅ ነው።

በዚህ ሰፈር ለሚኖር ሰው የነገሩ መገጣጠም ልብ ይነካል። አሁን ከምጽፍበት ክፍል ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬም ሰዉ ኦልድ ኤርፖርት እያለ በሚጠራው በኩል የነበረው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ ያደረገበት ሜዳ ነው። የበረሩትም ዳግላስ ሲ-47 የሚባሉ፣ በቍጥር አምስት ሆነው ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ የጦርነት ትርፍ አውሮፕላኖች ነበሩ። ስለዚህ አውሮፕላኑም ጥያቄውም ከአንድ ሠራዊት ቤት የወጡ ናቸው፤ አውሮፕላኑ ቀድሞ ወደ ልደታ መጣ፣ ጥያቄው ሰባ ዓመት ያህል ዘግይቶ ተከተለው።

ከዚህ ታሪክ ለሥራ ፈላጊው የሚወጣው ቁም ነገር፣ ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ጠባይን ሳይሆን ድርጊትን፣ ፍርድን ሳይሆን ትረካን መሆኑ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከሦስት ወጥመዶች በአንዱ ይወድቃል። አንደኛው ክሕደት ነው፤ «እስካሁን ያልተሳካልኝ ነገር የለም» ማለት። ሁለተኛው አባቶች ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ነው፤ ይኸውም ምስጋናን የነቀፋ ልብስ አልብሶ ማቅረብ ሲሆን፣ «ድክመቴ ሥራ ከያዝሁ ምሳ እንኳ መብላት መርሳቴ ነው» የሚለው መልስ በዚህች ከተማ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ጠያቂዎቹ ሳይጨርሰው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፉታል። ሦስተኛው ኑዛዜ ነው፤ ቅን ልብ ያላቸው ልጆች የሚወድቁበትም ይህ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። በነፍስ አባት ፊት የቆመ ሰው ስለ ኃጢአቱ ያዝናል፣ ምክንያት አያቀርብም፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ምሥጢሩም ይጠበቅለታል፣ የሚሰጠውም ሥርየት ነው። የቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ግን ሥርየት የሚሰጥበት ስፍራ አይደለም፤ በዚያ እንባ ያቀረረው ዐይን፣ «ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው፣ ሰነፍ ነበርሁ» የሚለው ቃል፣ ጠያቂውን ከማሳዘን በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም። በምሳሌው ጌታው ሲመለስ አገልጋዮቹን ጠርቶ ተሳሰባቸው እንጂ አላናዘዛቸውም። የሚፈለገው ሒሳብ ነው፤ ምን ተቀበልሁ፣ ምን አወቅሁ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ጎደለ፣ በጎደለውስ ጊዜ ምን አደረግሁ።

ይህ እንዴት እንደሚደረግ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። በግቢያችን ያለው ኮሙናል፣ ማለት ነዋሪው ለልቅሶና ለዕድር ስብሰባ የሚገለገልበት የጋራ ቤት፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ በአንድ ጥግ ተደራርበው ባዶውን በሚሆንበት የሳምንቱ ማታ፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጅነት በጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ሥራ የሚፈልጉ ልጆችን እያስቀመጡ እንደ ጠያቂ ሆነው ያለማምዷቸዋል። ከእነዚህ ልጆች አንዲቱ በአክስቷ ቤት አራተኛ ፎቅ የምትኖር የአካውንቲንግ ምሩቅ ነበረች፤ ያልተሳካልሽን ንገሪኝ ባሏት ጊዜ የሰጠችው የመጀመሪያ መልስ ከላይ እንደ ተባለው ክሕደት ነበረ።

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስካሁን ሁሉንም በጊዜው ነው የጨረስሁት።»

«እንግዲያስ ልጄ፣ ምንም አደራ ተሰጥቶሽ አያውቅም ማለት ነው» አሏት። «ሰሃን የማይሰብር፣ ሰሃን የማያጥብ ብቻ ነው።»

ጥቂት ዝም ብላ፣ በዩኒቨርሲቲ ሳለች የጂሲ፣ ማለት የተመራቂዎቹ፣ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረች፣ ተመራቂዎቹ ለምረቃ መጽሔት ያዋጡትን ገንዘብ ይዛ እንደ ነበረና መጽሔቱ ለምረቃው ቀን እንዳልደረሰ ነገረቻቸው፤ ወዲያውም «ግን ማተሚያ ቤቱ ነው ያታለለን» ስትል አከለች። ሽማግሌው ስለ ማተሚያ ቤቱ አንድም ቃል አልጠየቋትም። ስንት ብር በእጇ እንደ ነበረ፣ ውሉ ምን ያህል ቅድሚያ ክፍያ ይል እንደ ነበረ፣ ሙሉውን የከፈለችው ለምን እንደ ሆነ፣ ከእርሷ ሌላ የፈረመ ሰው እንደ ነበረ ጠየቋት እንጂ። እርሷም፣ ውሉ ግማሹን ብቻ ይል እንደ ነበረ፣ ማተሚያ ቤቱ ግን ሙሉው ዛሬ ከተከፈለ ዋጋ እቀንሳለሁ በማለቱ፣ የተረፈውን ለምረቃው ዕለት ግብዣ እናውለዋለን ብላ ከሰብሳቢው ጋር ሁለት ሆነው ኮሚቴውን ሳያማክሩ መክፈላቸውን፣ ከዚያም የወረቀት ዋጋ መወደዱንና ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለው ማተሚያ ቤት የእነርሱን ሥራ ወደ ኋላ ማስቀረቱን ዘርዝራ ተናገረች።

«እንደማይደርስ ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ከምረቃው ስምንት ቀን በፊት።»

«ለተማሪዎቹ የነገርሻቸውስ?»

መልሱ ዘገየ። «አራት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ውድቀትሽ ያ ነው» አሏት፤ «ገንዘቡን አስቀድሞ መክፈል ስሕተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል፤ ያን አራት ቀን የት እንደ ነበርሽ ነው እነርሱ የሚፈልጉት። እኔም በሥራ ዘመኔ የጎደለ ገንዘብ አላስፈራኝም፣ የጎደለበትን ሰዓት የደበቀ ሠራተኛ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል የሚመዝን ነገር አላገኘሁም። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ጉዳት መድረሱ አይቀርም፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በደረሰበትና በተነገረበት መካከል ያለፈው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ውድቀትን የሚጠይቅ አስተዋይ ጠያቂ፣ ጆሮውን የሚያቀናው ወደዚያ ወደ መካከሉ ነው። ልጅቱም ከብዙ ልምምድ በኋላ መልሷን እንዲህ አድርጋ አስተካከለችው፦ «የክፍላችን የምረቃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ውላችን ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ ይል ነበር፤ ቅናሽ ለማግኘት ብዬ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግሬ ሙሉውን ከፈልሁ፤ ኮሚቴውን አላማከርሁም፤ ገንዘቡ የኔ ሳይሆን የጓደኞቼ ስለ ነበረ ማማከር ነበረብኝ። መጽሔቱ እንደማይደርስ ባወቅሁ ጊዜ አራት ቀን ደበቅሁ፤ የሚደርስ መስሎኝ ሳይሆን አፍሬ ነው። ከነገርኋቸው በኋላ የሁሉንም አድራሻ መዝግቤ፣ መጽሔቱ ሲታተም ወደየአገራቸው በአውቶቡስ ላክሁላቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴም ክፍያ በሁለት ጊዜ፣ በሦስት ፊርማ እንዲሆንና ላዘገየ ማተሚያ ቤት መቀጫ በውሉ እንዲገባ ጽፌ አስረከብሁ።» በዚህ መልስ ውስጥ ለቅሶ የለም፣ ምስጋናም የለም፤ ማተሚያ ቤቱም አልተሰደበም። የቀድሞ አሠሪውን ወይም ባልደረባውን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚከስ ሰው፣ ነገ እኛንም በሌላ ጠረጴዛ ይከሰናል የሚል ሐሳብ በጠያቂዎቹ ልብ መዝራቱን ያስታውስ። ደግሞም ልብ እንበል፤ ይህች ልጅ የሥራ ልምድ የሌላት ነበረች፤ አዲስ ምሩቅ «እኔ ገና ሥራ ስላልያዝሁ የምናገረው ውድቀት የለኝም» ማለቱ፣ የክፍል ማኅበሩን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ የሰበሰበውን ዕቁብ፣ ለታናሽ ወንድሙ የፈጸመለትን ጉዳይ ከቁም ነገር ባለመቍጠሩ ነው።

ሁሉም ውድቀት ግን ለዚህ ጠረጴዛ አይሆንም። በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማዋል፣ ሰውን መደብደብ፣ የሐሰት ሰነድ ማቅረብ የንስሐ ጉዳዮች ናቸውና ወደሚገባቸው ቦታ ይሂዱ።

ስለ ሪስክ የሚቀርበው ጥያቄ የውድቀቱ ጥያቄ ወንድም ቢሆንም ቅሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ በእርሱ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መፍረድ ነው። የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመፈጸም የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1961 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ፣ እግሩን ታሞ ሳለ ለውድድር ቀርቦ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቋርጦ ወጣ፤ ድሉም የአገሩ ልጅ የማሞ ወልዴ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የታመመ ሰውነት ይዞ ወደ መነሻው መሥመር የቀረበው አንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን የቶኪዮውን ጀግንነት ብለን እንተርከዋለን፣ የሜክሲኮውን በዝምታ እናልፈዋለን። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት፣ ማንም ውጤቱን በማያውቅበት ሰዓት፣ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል የነበረው ልዩነት ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ነው የሚገባው፤ ጠያቂውም ከሥራ ፈላጊው የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ማለትም በወሰንህ ጊዜ ምን ታውቅ ነበር፣ የማታውቀውን ለማወቅ ምን ሞከርህ፣ ቢከፋ የሚጠፋው ስንት ነው፣ የማንስ ነው።

የመጨረሻዋን ጥያቄ አጥብቄ እይዛለሁ። የራሱን ቍጠባ አውጥቶ በዚሁ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ጁስ ቤት የከፈተና በዓመቱ የዘጋ ወጣት፣ የኪራዩን ውል፣ የጾሙን ወራት ገበያ፣ የማቀዝቀዣውን ዋጋ እያነሣ ሲናገር የሚደመጥ ነጋዴ ነው፤ ያንኑ ያደረገው እናቱ ቤት አስይዛ በተበደረችው ገንዘብ እንደ ሆነ ግን፣ ታሪኩን ሲጀምር እናቱ ምን ያህል እንደ ተነገራት ካልተናገረ በቀር ድፍረቱ ብቻውን አያስመሰግነውም። ለዚህም ነው የምናንኳኳውን ደጅ ማወቅ የሚያስፈልገው። ባንክ የሌላ ሰው ገንዘብ ጠባቂ ነው፤ በማታ ቈጠራ ጉድለት የተገኘበት ገንዘብ ከፋይ ጉድለቱን ከኪሱ እንዲተካ በሚጠየቅበት ቤት፣ «እኔ ደፋር ነኝ፣ መመሪያ አያግደኝም» ማለት በገዛ እጅ በሩን መዝጋት ነው፤ በዚያ የሚደነቀው የሪስክ ታሪክ፣ አጠራጣሪ ፊርማ አይቶ ደንበኛው እየተቈጣ እንኳ ክፍያውን ያቆየው ሰው ታሪክ ነው። አዲስ ዕቃ ገበያ ለማስገባት ሰው የሚፈልግ የሽያጭ ድርጅት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይሻል።

በልደታው ፍርድ ቤት ደጅ ሳልፍ ደግሞ የጥንቱን ሙግት አስባለሁ። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዘመን፣ አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «ተጠየቅ»፣ «ልጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ተሟጋቹ ለቃሉ እውነትነት ውርርድ ያስይዝ ነበር፤ በቅሎ ወይም ማር ብሎ ይወራረዳል፣ የተረታውም ይከፍላል። ብልህ ተሟጋች በስሜት ግሎ በነገሩ ሁሉ አይወራረድም ነበር፤ ምስክር ባለው ነገር ላይ በቅሎውን ያስይዛል፣ በተጠራጠረው ላይ ማር ይላል፣ በማያውቀው ላይ ዝም ይላል። በመጠየቅ ፊት መቆምና በቃል መወራረድ እንግዲህ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፤ ያያያዙንም ልክ አባቶቻችን ያውቁት ነበር።

ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶ ማየትም ይገባል፤ ምክንያቱም ጠያቂውም ራሱ በዚያች ሰዓት ሪስክ እየወሰደ ነው። ዋስ ወይም ተያዥ አምጣ የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ያልሆነውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፣ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንብት ሕጋዊ ምክንያትና ሥርዓት ይጠይቃል። አሠሪው ስለዚህ በአርባ ደቂቃ ንግግር የሚያየው ሰው ለዓመታት የሚከተለው ሰው ነው፤ ስለ ውድቀት መጠየቁም፣ ይህ ሰው ከእኔ ቤት አንድ ነገር ቢሰበር ይነግረኛል ወይስ ይደብቀኛል የሚለውን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያደርገው ጥረት ነው።

ይህም ከሆነ ለጠያቂዎች አንድ ብርቱ ልመና አለኝ። ስለ ውድቀት ጠይቀው፣ እውነቱን ለተናገረው ዝቅተኛ ነጥብ፣ ውዳሴ ከንቱ ላቀረበው ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጡ ጉባኤዎች መኖራቸውን ከብዙ ሥራ ፈላጊዎች ሰምቻለሁ፤ ይህ ዓይነቱ ፍርድ አንድን ልጅ ብቻ አይጎዳም፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ውሸት ያስተምራል። በቅኔ ቤት የተማረ ሰው ሌላ ሥርዓት ያውቃል፤ ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ሲቀርብ፣ ቤቷ ቢሰበር፣ ምሥጢሯ ቢጠፋ፣ መምህሩ በባልንጀሮቹ መካከል የተሰበረውን ያሳየዋል፣ ያቃናለታል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ቅኔው ስለ ተበላሸበት ከጉባኤው የሚባረር የለም፤ ሳይቈጥር የሚመጣ ግን ይገሠጻል። ጠያቂዎችም ለሁሉ ሥራ ፈላጊ አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጅተው፣ ጥሩ የሚሉትን መልስ ከስብሰባው በፊት ጽፈው ቢገቡ ፍርዳቸው እንደሚቃና በዚህ ዘርፍ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥም «ስንት ጠፋ» ከሚለው ይልቅ «መቼ ተናገረ» የሚለው ከፍ ያለ ስፍራ ቢያገኝ እመኛለሁ።

ሥራ ፈላጊውም በመጨረሻ «አንተስ የምትጠይቀን አለ ወይ» ሲባል፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት «የለኝም» ብሎ ከሚነሣ ይልቅ፣ በትሕትና ያንኑ ጥያቄ ይመልስላቸው፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተሳስቶ በራሱ አንደበት ሲያሳውቅ ምን ይደረግለታል ብሎ ይጠይቅ። አንዳንዱ ጉባኤ እርስ በርሱ ተያይቶ መመሪያ አለ ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ባለፈው ዓመት የደረሰውን አንድ ነገር አንሥቶ፣ ማን ነገረን፣ ምን አደረግን ብሎ ይተርክለታል። የኮሙናሉ ልጅ ይህን ጥያቄ በሁለት ቦታ አቅርባ ሁለቱንም መልስ አግኝታለች፤ የተቀጠረችውም በሁለተኛው ዘንድ ሲሆን፣ ደመወዙ ከመጀመሪያው ያንስ ነበር።